ጋቢ ወይስ ስሊፒንግ ባግ? ሰሜን ተራሮች ስትወጡ ምኑ ከአያት፣ ምኑ ከሱቅ ይያዝ?

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንሄድ በረዶ ጣለብን። ወሩ ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቷል ብለን ተማምነን ነው የተነሳነው። እኔ ጋቢ ደርቤያለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ትከሻዬን ይጎትተኝ ጀመር። ካምፕ ስንደርስ ከጓደኛዬ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን ጠመዘዝነው። ውሃው እግራችን ስር ኩሬ ሠራ። ሌሊቱን የምተኛበት ሌላ ነገር አልነበረኝም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ።

ባለ በቅሎው ግን ደረቅ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ከውስጥ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ካባ፣ ከላይ የማዳበሪያ ከረጢት። የከረጢቱን አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብተው እንደ ቆብ ራሳቸው ላይ ደፍተውታል። "ጋቢ እኮ የቤት ነው ልጄ። ዝናብ ላይ ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ሳዘጋጅ የማስበው እሳቸውን ነው። እኛ ከተሜዎች ሁለት ቦታ ተከፍለናል። አንዱ የተገኘውን የካምፕ ዕቃ ሁሉ ገዝቶ ሃያ ኪሎ ይሸከማል። ሌላው "አያቶቻችን ምን ነበራቸው?" ብሎ ጋቢና ዱላ ይዞ ይነሳል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ተራራው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን እንዲህ አይከፋፈሉም። የበግ ፀጉሩንም ላስቲኩንም እየመረጡ ይለብሳሉ። እኔም ከእሳቸው ተምሬ እያንዳንዱን ዕቃ በሁለት ጥያቄ እመዝነዋለሁ። ቢረጥብ ምን ይሆናል? ቢሰበር ወይ ቢያልቅ እዚያው ተራራ ላይ ምን አደርጋለሁ?

ቦታውን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ናት፤ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የማደሪያ ካምፖቹ፣ ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የቧሂት ተራራ ከ4,400 ሜትር ይበልጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያለ አስጎብኚና ያለ ስካውት (የታጠቀ የፓርኩ አጃቢ) አይገባም። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ደባርቅ ያለ ሰው አግኝታችሁ የመንገዱን ጸጥታ ጠይቁ። ይህ ከማንኛውም ዕቃ ይቀድማል።

ሙቀት፦ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ጋቢን እወደዋለሁ። አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ በደረቅ ብርድ እሱን የሚያህል የለም። ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይደረባል፣ ሲያስፈልግ ትራስ ይሆናል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አያልፍም። ጥጥ ሲረጥብ በውስጡ የያዘው አየር በውሃ ይተካል። ያን ጊዜ ሙቀት መያዙ ይቀርና ከሰውነታችሁ ሙቀት መቀማት ይጀምራል። በዚያ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

የበግ ፀጉር ሌላ ነገር ነው። ረጥቦም ያሞቃል። የመንዝ ሰዎች ከሱ ባና (ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (ካባ) የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መንዝ ጓሳም እንደ ሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱም ያው ነው። እዚያ እረኞች ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ለብሰው ዝናብ ይከላከላሉ። ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ የሣር ቤት ክዳን ትከሻ ላይ እንደማድረግ ነው። ሥራው ያስደንቀኛል። ግን ትልቅ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይታጠፍም፣ ከተማ ውስጥም አይገኝም።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰውነት ላይ የሚነካው ሱፍ ይሁን። ውድ የካምፕ ልብስ አያስፈልግም። ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ የንጹሕ ሱፍ ሹራብ ፈልጉ፤ ልብሱ ላይ የተሰፋውን ምልክት አንብቡ። ከላይ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ጃኬት ልበሱ። እሱንም ሰልባጅ ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ግን ስፌቱ ላይ ከውስጥ የተለጠፈው ፕላስተር እንዳልተላጠ በጣት እየነካችሁ እዩ። ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ማታ ድንኳን ውስጥ ገብታችሁ ስታወጡት ደረቅ ይሁን። ያን ጊዜ የጋቢን ጥቅም ታውቁታላችሁ።

ስሊፒንግ ባግስ፣ ማለት ገብተው የሚተኙበት ከረጢትስ? ጥቅምትም ይሁን ጥር፣ እዚያ ከፍታ ላይ ያለ እሱ እንድታድሩ አልመክርም። ሁለት ዓይነት አለ። በወፍ ላባ የተሞላው ቀላልና በጣም ሞቃት ነው፤ ሲረጥብ ግን እንደ ጋቢው ነው። በሰው ሠራሽ ቃጫ የተሞላው ከበድ ይላል፣ ቢረጥብም ጨርሶ አይከዳም። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደባርቅ የሚከራይ አለ። ስትከራዩ ዚፑን እስከ ታች ከፍታችሁ ዝጉት፤ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ሙሌቱ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሌላው ባዶ እንዳልቀረ እዩ። ጋቢውን ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው እንቅልፍ የሚወስዳችሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከስር ያለውን ነው። ብርዱ የሚበላችሁ ከመሬቱ በኩል ነው። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ አጎዛ ያነጥፋሉ ወይ ሣር ይጎዘጉዛሉ። አጎዛ ድንቅ ነው። በበቅሎ የምታስጭኑ ከሆነ ያዙት። ራሳችሁ የምትሸከሙ ከሆነ ግን የሚጠቀለል ፎም ይሻላል፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ቢቀደድም ይሠራል። ሣር አጭዶ መጎዝጎዝን ፓርኩ ውስጥ አታስቡት።

ዳስ መሥራትም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፍ ቆርጦ መጠለያ መቀለስ ጥሩ ጥበብ ነው፤ ሌላ ቦታ፣ በራሳችሁ መሬት ተለማመዱት። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ እሳት ተነስቶ ጓሳውንና አስታውን በላው። አንድ የአስታ ዛፍ እዚያ ብርድ ውስጥ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ቆማችሁ ብታዩት እጃችሁን አታነሱበትም። ድንኳን ያዙ፤ ወይ ሸራና ገመድ። ሸራ ይቀላል፣ ቢቀደድ በመርፌና ክር ይሰፋል። ነፋስ ላይ ግን ድንኳን ይበልጣል፤ የግጭ ነፋስ ደግሞ ቀላል አይደለም።

እሳት

እሳት ላይ ብዙ ሰው የሚመኘው እንጨት ሰብቆ ማንደድን ነው። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ጥበብ ነው። ደረቅና ለስላሳ እንጨት፣ ደረቅ አየር፣ የለመደ እጅ ይፈልጋል። እዚያ ቆላ ሦስቱም አሉ። ጤዛ በሚያረጥበው ደጋ ላይ ግን አንዱም የለም። እኔ ቤቴ ጓሮ ውስጥ ሞክሬው መዳፌ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ጭስ ብቻ ነው ያገኘሁት። ተማሩት፣ ደስ ይላል። ሕይወታችሁን ግን አትጣሉበት።

ላይተር ያዙ፤ ሁለት። አንዱ ኪስ ውስጥ፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ። ተጭነው የሚያበሩት ዓይነት ከፍታ ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። በአውራ ጣት ጎማውን የምታሽከረክሩት ርካሹ ይሻላል፤ ጋዙ ቢያልቅ እንኳ ፍንጣሪ ይሰጣል። ብርድ የመታው ላይተር ካልበራላችሁ ብብታችሁ ስር አስገብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ክብሪት ደግሞ ለመጠባበቂያ፤ ራሱን ቀልጦ የበረደ የሻማ ሰም ውስጥ ነክራችሁ፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ካምፕ የሚወጡ ፈረንጆች ጥጥ በቫዝሊን ለውሰው እሳት ማያያዣ ያደርጉታል። ጥጡ ክር ይሆናል፣ ቫዝሊኑ ነዳጅ። እኛ ጋ ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ጧፍ ነው። ጥጥ ተፈትሎ ሰም ይቀባል። አንድ ጧፍ ጣት በምታህል መጠን ብትቆርጡ እያንዳንዷ ቁራጭ እርጥብ ጭራሮ እስኪያያዝ ድረስ ትነዳለች። ዝናብ ቢነካው ታብሶ ይበራል። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትገዙታላችሁ። ከዚህ የተሻለ እሳት ማያያዣ አላየሁም።

ነገር ግን ምን ልታነዱ? ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው። ስለዚህ ምድጃ ያስፈልጋችኋል። የጋዝ ቆርቆሮ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ አውሮፕላን ግን አይጭነውም፣ ሲያልቅም በገጠር አይተካም። ላምባ ይሸታል፣ እጅ ያቆሽሻል፤ ሆኖም ደባርቅም ጎንደርም ይገኛል። ሁለተኛውን ጥያቄ ላምባው ያልፋል። እሳት ማንደድ በሚፈቀድበት ሌላ ቦታ ብትሆኑ ደግሞ የእናቶቻችንን ዘዴ አትርሱ። ማታ ፍሙን አመድ አልብሳችሁ አዳፍኑት። ጠዋት ገለጥ አድርጋችሁ ጭድ ብትጥሉበት ይነሳል። ክብሪት አትጨርሱም። ማዳፈን ማለት ማጥፋት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ፤ ትታችሁት የምትሄዱ ከሆነ ውሃ አፍስሱበት።

ውሃ

የተራራ ምንጭ ጥርት ብሎ ሲፈስ ንጹሕ ይመስላል። ከላይ ግን በጎች አሉ፣ በቅሎዎች አሉ፣ ጭላዳም አለ። ጃርዲያ የሚባለው የሆድ ተውሳክ በዓይን አይታይም። እዚህ ላይ ከልማድ የወረስነው ብቻውን አይበቃም።

ማፍላት ከሁሉ የቆየውና እስከ ዛሬም የሚታመነው ነው። በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው። ይህ ጀርም ለመግደል ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲንተከተክ ይቆይ። ችግሩ ነዳጁ ነው፤ ለቀኑ ውሃ ሁሉ ላምባ ካቃጠላችሁ አይበቃችሁም።

ማጣሪያ ፈጣን ነው። ቀዳዳው 0.1 ማይክሮን የሆነው ባክቴሪያንና ጃርዲያን ይይዛል። ቫይረስ ግን ያመልጠዋል። ሌላም ድክመት አለው፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ የሚያጣሩት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ መሰንጠቁም ከውጭ አይታይም። ጓደኛዬ ማጣሪያውን ድንኳኑ ደጃፍ ትቶት አደረ። ጠዋት ላስቲኩ ላይ ስስ በረዶ ነበር። ውሃው እንደ በፊቱ ይወርድ ነበር፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላ አላመንነውም። ማታ ማጣሪያውን አራግፋችሁ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

ክሎሪን ክኒን፣ ለምሳሌ አኳታብስ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። ቤት ውስጥ የምናውቀው ውሃ አጋር ለጀሪካን የተመጠነ ስለሆነ ለአንድ ሊትር መለካቱ ያስቸግራል። ክኒኑ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ይበልጥ ጠብቁ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተውሳክ ግን አይገድልም።

ከአያት የሚወረሰውስ? ነጠላ። በባንግላዴሽ መንደሮች ውሃን አራት እጥፍና ከዚያ በላይ በታጠፈ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ማጥለል ኮሌራን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እናቶቻችን ውሃ በነጠላ ሲያጠልሉ ከንቱ አልደከሙም ማለት ነው። ግማሽ ግን ግማሽ ነው። ነጠላው ድፍርሱን ይያዝ፤ ቀጥሎ ክኒን ወይ ማጣሪያ ይግባበት። እኔ ማጣሪያም ክኒንም እይዛለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ ብርቱካን አይከብዱም።

ዕቃው ደግሞ ሃይላንድ ፕላስቲክ ይሁንላችሁ። ሁለት ያዙ። ቅል ያምራል፣ ውሃም ያቀዘቅዛል፤ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ግን አለቀ። ከሃይላንዱ ጋር አንድ የብረት ኩባያ ጨምሩ። ምናለሽ ተራ ከጣሳ የተሠራ ኩባያ ይገኛል፤ እሳት ላይ ይጣዳል።

ስንቅ፦ አያቶች ያሸነፉበት

እዚህ ላይ አላመነታም። በጥቅል የሚሸጥ የካምፕ ምግብ በሶን አይስተካከልም። "አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ" እያልን ፊደል የቆጠርን ሰዎች እንዴት እንደረሳነው ይገርመኛል።

በሶ አስቀድሞ የተቆላ ገብስ ነው። እሳት አይፈልግም። ውሃ፣ ጨው ወይ ማር ብቻ። ባለ በቅሎው ቧሂት ስር ተቀምጠው ሲሠሩት አየሁ። መዳፋቸውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አደረጉ። ዱቄት ጨመሩ፣ ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉበት፣ በሌላኛው እጅ አውራ ጣት ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት። እጃቸው ላይ ምንም ሳይጣበቅ ድቡልቡል ሆኖ ወጣ። አንዱን ለኔ ሰጡኝ። ጓደኛዬ ኢንዶሚ ለመቀቀል ምድጃ ለኩሶ ውሃው እስኪፈላ እኛ ጨርሰን ተነስተናል።

በቅቤ የታሸ ጭኮ ከሆነ ደግሞ ለብርድ የተሠራ ነው። ቅቤው ጉልበት ነው፤ ብርድ ላይ አይቀልጥም፣ አይፈስም። ጾም ከሆነ ማርና የለውዝ ቅቤ ይተካዋል። ቆሎ በኪስ፣ ዳቦ ቆሎ ለልጆች፣ ቋንጣ ትንሽ። ድርቆሽ ጥሩ ነው ግን ሻንጣ ውስጥ ይደቃል። ለአንድ ሰው ለሦስት ቀን አንድ ኪሎ ተኩል በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎና ትንሽ ቅቤ ይዛችሁ ከወጣችሁ አትራቡም።

ማታ ትኩስ ነገር ካማራችሁ ሽሮ ያዙ። ምስርና ባቄላ አትያዙ። ውሃው 88 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቶሎ አይበስልላችሁም፤ ላምባችሁን ትጨርሳላችሁ።

ሌላው በአጭሩ

መብራት ላይ ክርክር የለም። የግንባር ባትሪ። ፋኖስ ቤት ይቅር። መለዋወጫ ባትሪውን ገላችሁ አጠገብ ያዙ፤ ብርድ ያደክመዋል። ስልክም እንዲሁ።

ከቢላ ሰንጢ ይበቃል። ዱላ የግድ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበታችሁን ያሳርፋል፤ ሱቅ የሚሸጠው ብረቱ ቢታጠፍ አይቃናም፣ የወይራ ዱላ አይታጠፍም። ገመድ ናይለን፤ የጓሳው ገመድ ጠንካራ ነው ግን ከረጠበ ቋጠሮው አይፈታም። ፉጨት የምትችሉ አፏጩ፤ ለማትችሉ ፊሽካ። ጉም ሲወርድ ሁለት ሜትር ፊታችሁ አይታይም፤ ሦስት ጊዜ መንፋት "ድረሱልኝ" ማለት ነው።

መድኃኒት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ዳማከሴ ለጉንፋን ማሽተት አይጎዳም። ከፍታ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገዳችሁ ግን ዳማከሴም ነጭ ሽንኩርትም አያድንም። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. ያዙ። ካለቀባችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ፣ ያልተቆለለ።

ለማን የቱ?

በበቅሎ የምታስጭኑና ከኅዳር እስከ የካቲት የምትወጡ ከሆነ ወደ አያት አድሉ። አጎዛ፣ ጋቢ፣ በርኖስ፣ በሶ። ከዚያ ላይ ስሊፒንግ ባግና የዝናብ ጃኬት ጨምሩ። ክብደቱ የበቅሎው ነው።

ራሳችሁ የምትሸከሙ ከሆነ አጎዛውን በፎም ተኩ። ከአያት የሚቀራችሁ በሶው፣ ጧፉ፣ ሱፉና ቀለል ያለ ጋቢ ነው። ሁሉም ተደምሮ፣ ከውሃ ጋር፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ውስጥ ይገባል።

በክረምት ልውጣ ለሚል ሰው ጋቢውን ቤት ተወው ነው የምለው። ሁሉም ነገር ሱፍና ላስቲክ ይሁን።

የቱንም ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የምትለብሱትን ሁሉ ልበሱ። ሻንጣውን እንዳዘጋጃችሁት ተሸከሙት። ሻወር ስር ገብታችሁ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ወጥታችሁ ሻንጣውን ክፈቱና ጋቢውን በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ጥጉ ላይ እንኳ እርጥበት ካገኛችሁ ላስቲኩን ቀይሩና እንደገና ሻወር ግቡ።